እምቢ ያለሽ ማነው?

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ የማተሚያ ቤቱ ፕሮፎርማ ሐሙስ ያበቃል። ከዚያ በኋላ «ወረቀት ጨምሯል» ይሉኝና ሌላ ዋጋ ይሰጡኛል። ስለዚህ ምክር ልጠይቅዎት ሳይሆን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። መጽሐፌን ላሳትመው ነው።

ገምጋሚው፦ በምን ገንዘብ?

ጀማሪዋ፦ በእቁቤ። ባለፈው እሁድ ወጣልኝ። የጎደለውን እህቴ ከዱባይ ትልክልኛለች።

ገምጋሚው፦ ሦስተኛው አሳታሚም እምቢ አለ ማለት ነው።

ጀማሪዋ፦ እምቢ ቢለኝማ ምን ነበረበት! ስምንት ወር ሙሉ «አንባቢ ጋ ነው» ሲሉኝ ኖሩ። በሁለት ሳምንት ደውይ አሉ፤ ደወልኩ። ከጾሙ በኋላ አሉ፤ ጾሙ ተፈታ። መጨረሻ ላይ ራሴ ሄድኩና ከጥበቃው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእንግዳ መመዝገቢያው ደብተር ሥር አገኘሁት። የውሃ ቢል ተደርቦበታል። ደብዳቤ የለው፣ ማስታወሻ የለው። ጥበቃው «ያንቺ ነው እንዴ? ውሰጂው በናትሽ፣ ቦታ ይዞብናል» አለኝ።

ገምጋሚው፦ የጥበቃውን ቃል ከአሳታሚው ቃል ቆጥረሽው ነው እንግዲህ እንዲህ የከፋሽ።

ጀማሪዋ፦ ሌላ ቃል ማን ሰጠኝና! ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ሳስጠርዘው ገጽ 112ን ሆን ብዬ ገልብጬ ነበር ያስገባሁት፤ ማንበብ አለማንበባቸውን ላውቅ። የሚያነብ ሰው እዚያ ሲደርስ ወይ ያቀናዋል፣ ወይ በእስክሪብቶ ምልክት ያደርግበታል፣ ቢያንስ ጠርዙ ይታጠፋል። እንደተገለበጠ ነው ያገኘሁት። ከገጽ 20 በኋላ ያለው ሁሉ ከማባዣ ቤት እንደወጣ ጥርት ያለ ነው። ገጽ 19 ላይ ግን የሻይ ብርጭቆ ቂጥ የሠራው ክብ አለ።

ገምጋሚው፦ እስከ 19 ድረስ ተነቧላ።

ጀማሪዋ፦ ይቀልዱብኛል።

ገምጋሚው፦ አልቀለድኩም። ወጥ ስትቀምሺ ድስቱን ትጨርሻለሽ? ከማማሰያው መዳፍሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ጨው እንደበዛ ታውቂያለሽ። እኔ አሥራ አራት ዓመት የሰው ረቂቅ ሳነብ ነው የኖርኩት። ብዙዎቹን ገጽ 5 ላይ እንደማልወዳቸው አውቅ ነበር፤ ደመወዝ ስለሚከፈለኝ ነው እስከ መጨረሻው የምገፋው። ያለ ደመወዝ ገጽ 19 ድረስ የሄደልሽ ሰው አክብሮሻል።

ጀማሪዋ፦ ጨው በዛ ያለኝ የታለ? ቀምሶ ዝም ብሎ የሄደ ሰው፣ የበዛው ጨው ይሁን ያነሰው በርበሬ እኔ በምን ልወቅ? ወጡን ልድፋው? ውሃ ልጨምርበት? ስምንት ወር ሙሉ በየሌሊቱ እየተነሣሁ ሁሉንም ሞከርኩት። አንድ ሌሊት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ገደልኳት፤ በማግሥቱ አስነሣኋት። ዝምታው እኮ አያስተኛም።

ገምጋሚው፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም። በእኔ ጊዜ እንኳ ቢያንስ ወረቀት ይሰጥ ነበር። ሁለት በር ነው የነበረው። አንዱ የእኛ ነው፤ ሥራው ለኅትመት ይበቃል ወይ የሚለው። ሌላው የሳንሱር ነው፤ ይፈቀዳል ወይ የሚለው። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ደራሲ የትኛው እንደተዘጋበት አያውቅም። እኛም አንዳንዴ የራሳችንን እምቢታ በሳንሱሩ እናሳብብ ነበር። «እኛስ ወደነው ነበር፣ እነሱ ናቸው እንጂ» እያልን። ነውር ነው፤ ግን አድርገነዋል። በ1985 የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ ሳንሱር ቀረ። እሰይ አልን። ቀስ በቀስ የእኛም በር አብሮ ተነቅሎ ሄደ፤ የመንግሥት አሳታሚዎች ከሰሙ፣ ገምጋሚ የሚባለው መደብ ታጠፈ። ዛሬ በሩ ላይ የተቀመጠው የማተሚያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ነው። እሱ ደግሞ ገጽ 1ንም አያነብም።

ጀማሪዋ፦ ገንዘብ ያዡ ግን አያዋርደኝም። ዋጋውን ይነግረኛል፣ ደረሰኝ ይቆርጥልኛል።

ገምጋሚው፦ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ገንዘብ ይዞ ለመጣ ሁሉ እሺ ይላል። የእሱ እሺታ ስለ መጽሐፍሽ ምንም አይነግርሽም፤ የዚያ የጥበቃው እምቢታም እንደዚያው። ሁለቱም አላነበቡትም።

ጀማሪዋ፦ ታዲያ በራሱ ገንዘብ ያላሳተመ ማን አለ? እዚህ ሱቅ ከተደረደሩት መጻሕፍት ግማሾቹ የማተሚያ ቤት እንጂ የአሳታሚ ስም የላቸውም። ውጭም ቢሆን ያው ነው። ፕሩስትን ፓሪስ ውስጥ አንድሬ ዢድ ያለበት አሳታሚ ቤት መለሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1913 የመጀመሪያውን ጥራዝ ከኪሱ ከፍሎ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት ዢድ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ይቅርታ ጠየቀው።

ገምጋሚው፦ ፕሩስት ሀብታም ነበር። እቁብ አልነበረበትም።

ሻጩ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ጣልቃ ልግባና። እህቴ፣ ስንት ኮፒ ነው የምታሳትሚው?

ጀማሪዋ፦ 1,000።

ሻጩ፦ በስንት?

ጀማሪዋ፦ በ240 ሺህ። የሽፋን ዋጋው 450 ብር ይሆናል። አከፋፋዩ 40 በመቶ ብሎኛል።

ሻጩ፦ እሺ። ከ450ው 180 ለእሱ፣ 270 ላንቺ። 240 ሺህን ለ270 ስናካፍለው… ስልኬን አምጡልኝ… 889። 889ኛው ኮፒ እስኪሸጥ ድረስ ለማተሚያ ቤቱ ነው የምትሠሪው። የቀሩት 111 ናቸው ያንቺ። 30 ሺህ ብር ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል። እሱም ሁሉም ከተሸጠ፣ አከፋፋዩም ከከፈለሽ።

ጀማሪዋ፦ ለትርፍ ብዬ አይደለም የጻፍኩት።

ሻጩ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። በወሩ «ስንት ተሸጠ?» ብሎ ይደውላል። አንድ ደራሲ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። የራሱን መጽሐፍ ከታችኛው ረድፍ ያነሣና ከላይ፣ ከነበዓሉ ግርማ ጎን ያስቀምጠዋል። አይናገርም። ሲሄድ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣል። ሁለት ዓመታችን ነው እንግዲህ።

ገምጋሚው፦ አንብበህለታል?

ሻጩ፦ የጀርባውን።

ጀማሪዋ፦ ይኸው! ገጽ 1 እንኳ አልደረሰም።

ሻጩ፦ እኔ ሻጭ ነኝ እህቴ። የማነበው ገዢውን ነው። ሰው መጽሐፍ ሲያነሣ መጀመሪያ ጀርባውን ያያል፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ገጽ ይገልጥና ቆሞ ያነባል። እኔ ያን ጊዜ እግሩን ነው የማየው። ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ካዛወረ አይገዛም። ተተክሎ ከቀረ ዋጋ ሊጠይቅ ነው። እዚህም እምቢ ባይ ሞልቷል። መጽሐፉን ወደነበረበት መልሶ ይሄዳል፣ በቃ።

ጀማሪዋ፦ ለእሱ እግር ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ ሰው ልግደል?

ሻጩ፦ ካልሆነ በክፍል በክፍል አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ልቀቂው። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው።

ጀማሪዋ፦ ለቅቄ ነበር። አምስት ክፍል። «ምርጥ»፣ «ቀጣዩ መቼ ነው?»፣ ከዚያ የልብ ምልክት፣ የልብ ምልክት፣ የልብ ምልክት። ደስ አለኝ፤ ሁለት ቀን ያህል። ሦስተኛው ክፍል ላይ በስህተት የሁለት ገጸ ባሕርያትን ስም አቀያይሬ ነበር የለቀቅኩት። አንድም ሰው አልነገረኝም። ለእሱም ልብ ሰጡት።

ገምጋሚው፦ ይህንን ነው የምልሽ። ባዶ እምቢታ እንዳቆሰለሽ፣ ባዶ እሺታም ዕውቀት አይሰጥሽም። መጽሐፍሽ የሚመረቅ ቀን ወመዘክር አዳራሽ ዋሽንት ይነፋል፣ ሦስት ምሁር ይናገራል፣ ሁሉም ያወድስሻል። ከሦስቱ አንዱ መኪና ውስጥ ሆኖ መግቢያውን ያነበበ ነው። እኔ ራሴ እንደዚያ ተናግሬ አውቃለሁ። ትንሽ ቆዪ ነው የምልሽ። ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ሲወጣላቸው ሃምሳን አልፈው ነበር።

ጀማሪዋ፦ ጡረታዬን ልጠብቅ? ደግሞ ያ መጽሐፍ በየቤቱ የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ስለተረከውም ነው። ለእኔ ማን ይተርክልኛል? የእኔን ፒዲኤፍ አድርገው ይበትኑታል እንጂ።

ገምጋሚው፦ ስብሐትንስ? «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ወጣት ሆኖ ፈረንሳይ አገር ነው የጻፈው። መጽሐፍ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አሥርተ ዓመታት አለፉ፣ ረቂቁ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ። እሱ በዚህ መሐል መጻፉን አላቆመም። በዓሉ ግርማን ደግሞ አስቢው። «ኦሮማይ» በ1975 ታተመ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ በየካቲት 1976 ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እምቢታ እንዲያ ያለ ነው። ያንቺ ረቂቅ ከውሃ ቢል ሥር ነው የተገኘው።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ ጥርሱን የሚያመውን ሰው «ጎረቤትህ እግሩ ተቆርጧል» ቢሉት ጥርሱ አይተወውም። በዓሉን ያነሡብኝ አፌን ለማዘጋት ነው። እሱን መንግሥት ፈርቶታል። እኔን ማንም አልፈራኝም፣ ማንም አልጠላኝም፣ ማንም አላነበበኝም። የእሱን መከራ ከእኔ ጋር አያነጻጽሩት፤ ለእሱም አይገባውም።

ገምጋሚው፦ ተቀብያለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጀማሪዋ፦ መምህራን ክፍል ስገባ «መጽሐፉስ?» ይሉኛል። በየቀኑ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ራሴ ነኝ ያወራሁት። ረቂቁን የሰጠሁ ቀን ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለመላው ትምህርት ቤት ለፈፍኩ። አሁን ሻይ የምጠጣው ክፍል ውስጥ ብቻዬን፣ በሩን ዘግቼ ነው። አንዷ ጓደኛዬ «ተዪው፣ ሌላ ጀምሪ» አለችኝ። ልጅ የሞተባትን ሴት ሌላ ትወልጃለሽ እንደማለት ነው።

ገምጋሚው፦ የሞተ ነገር የለም። ስሚኝ፤ ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነበር። ሁለቱን ቆርጦ ጣለና የኦኮንኮውን ብቻ አስቀረ። ከዚያ በእጅ የጻፈውን ያችኑ አንዲት ቅጂ ለንደን ላለ የታይፕ ድርጅት በፖስታ ላካት። ገንዘቡን ተቀብለው ዝም አሉት። ወር መጣ፣ ወር ሄደ። የሌጎስ ራዲዮ አለቃው እንግሊዛዊት ነበረች፤ ለእረፍት አገሯ ስትሄድ በአካል ገብታ ባትጮህባቸው ኖሮ ረቂቋ እንደወጣች ትቀር ነበር። ከታይፑ በኋላም የመለሱት አሳታሚዎች አሉ፣ የአፍሪካዊ ልብ ወለድ ገበያ የለውም ብለው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሄይንማን 2,000 ኮፒ አሳተመ። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

ጀማሪዋ፦ ጥሩ ታሪክ ነው። ሁልጊዜ ግን የምትነግሩኝ ያለፈለትን ነው። እዚያው የታይፕ ድርጅቱ መሳቢያ ውስጥ የቀሩትን ስማቸውን ስለማናውቀው ምሳሌ አይሆኑንም።

ገምጋሚው፦ የማይታወቅን ምን ብዬ ላንሣው?

ጀማሪዋ፦ በአጋጣሚ የታወቀ አንድ አለ። ጆን ኬነዲ ቱል፣ የኒው ኦርሊንስ ሰው። እርስዎ የሚመኙልኝን ነገር ያገኘ ነው፤ ምክንያቱን ዘርዝሮ እምቢ የሚል አርታኢ። በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ሁለት ዓመት ያህል ተጻጻፈው፤ ይህን አስተካክል፣ ያንን አስተካክል፣ አሁንም መጽሐፉ ፍሬ ነገር ይጎድለዋል። ቱል በመጨረሻ ረቂቁን አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1969፣ በ31 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። እናቱ ያንን ረቂቅ ይዛ ለዓመታት በር ስታንኳኳ ኖራ በ1980 ታተመ፤ በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለመ። ምክንያት ያለው እምቢታ ምን ጠቀመው?

ገምጋሚው፦ የሰው ሞት በአንድ ደብዳቤ አይመካኝም፤ ውስጡ ምን እንደነበረ እኔም አንቺም አናውቅም። አርታኢው ግን ተሳስቷል። እኔም ተሳስቻለሁ።

ጀማሪዋ፦ መቼ?

ገምጋሚው፦ አንድ ረቂቅ ነበር፣ በደብተር ላይ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ። ከገጠር የመጣ መምህር ነው የጻፈው። ሦስት መስመር ጽፌ መለስኩት፤ «አማርኛው የባላገር ነው፣ ለከተማ አንባቢ አይሆንም» ብዬ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በራሱ ገንዘብ አሳተመው። ገዝቼ አነበብኩት። አማርኛው የባላገር ነው። ጥሩ የሆነውም ለዚያ ነው።

ጀማሪዋ፦ እንደ ዢድ ይቅርታ ጠየቁት?

ገምጋሚው፦ ምረቃው ላይ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ሰልፍ ይዤ መጽሐፉን አስፈረምኩ። አላወቀኝም። «ለማን ልበለው?» ሲለኝ የልጄን ስም ነገርኩት።

ሻጩ፦ ወይ ጋሼ!

ጀማሪዋ፦ ታዲያ ያ ሰው ሰምቶዎት ቢሆን ኖሮስ? አማርኛውን ለእርስዎ ብሎ ቢያስተካክለው ኖሮስ?

ገምጋሚው፦ መጽሐፉ ይበላሽ ነበር።

ጀማሪዋ፦ እንግዲያው የእኔ እቁብ ምን ኃጢአት አለበት? ያ ሰውዬ ያደረገውን ነው የማደርገው።

ገምጋሚው፦ አይደለም። እሱ የእኔን ሦስት መስመር አንብቦ፣ አስቦበት፣ እምቢ አለኝ። ምን እንደተባለና ለምን እንደማይቀበለው ያውቃል። ሳስፈርም አየሁት፣ መግቢያው ላይ «የባላገር ነው ላሉኝ» የሚል ምስጋና ጽፏል። አንቺ እስካሁን እምቢ የምትዪው ነገር አላገኘሽም። የተናደድሽው በጥበቃና በውሃ ቢል ነው። በዚያ ንዴት የታተመ መጽሐፍ ደግሞ በሁለተኛው ወር ደራሲውን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ያመጣዋል።

ሻጩ፦ እሱንስ ተዉት ጋሼ፣ ደንበኛዬ ነው።

ጀማሪዋ፦ እምቢ የምለው ነገር ከየት ላምጣ ታዲያ? አርታኢ ልቅጠር? ጠይቄያለሁ። አንዱ ፊደል ብቻ አርሞ የወር ደመወዜን ሊወስድ ነው።

ገምጋሚው፦ ባለፈው ሳምንት እዚህ ሱቅ ትተሽልኝ የሄድሽው ረቂቅ ይኸውና።

ጀማሪዋ፦ አነበቡት?

ገምጋሚው፦ ስፓይራሉን ፈትቼ ገጽ 112ን አቅንቼዋለሁ።

ጀማሪዋ፦ …

ገምጋሚው፦ ዝም አትበዪ። አሁን ነው ክፉ የምናገረው። መጽሐፍሽ ገጽ 31 ላይ ነው የሚጀምረው። ሴትዮዋ የሱቁን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለአበዳሪው የምትሰጥበት፤ ክሩ ፀጉሯ ላይ ተይዞ አልወጣ ብሎ እሱ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅበት። እዚያ ላይ መነጽሬን አውልቄ ተነሣሁ፣ ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ በፊት ያለው 30 ገጽ ክረምት ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው፣ የከተማው አመሠራረት ነው። ገጽ 19 ላይ ሻዩን ያስቀመጠው ሰው ለዚያች ቁልፍ 12 ገጽ ነበር የቀረው።

ጀማሪዋ፦ ያ 30 ገጽ እናቴ ናት።

ገምጋሚው፦ እናትሽ 31 ላይ ናት። 30 ገጹ አንቺ ነሽ፤ ወደ እሷ ለመግባት ስትፈሪ።

ጀማሪዋ፦ ከተማውን ያላወቀ ሰው የቁልፉ ነገር አይገባውም። ያቺ ሱቅ በአደባባዩ ላይ የመጀመሪያዋ የሴት ሱቅ ናት። ክረምቱም ቢሆን ዝም ብሎ አልገባም፤ መንገዱ የተቆረጠው፣ ዕቃው የቀረባት፣ ዕዳው የመጣው በዚያ ክረምት ነው። እሱን ካወጣሁት ሴትዮዋ ገንዘብ ያባከነች ትመስላለች። እናቴ ደግሞ አምስት ሳንቲም አላባከነችም።

ገምጋሚው፦ ይህ ጥሩ መልስ ነው።

ጀማሪዋ፦ እንግዲያው ይቆይ?

ገምጋሚው፦ መልሱ ጥሩ ነው አልኩ እንጂ 30 ገጹ ጥሩ ነው አላልኩም። አሁን የነገርሽኝን በሦስት ዐረፍተ ነገር ነው የነገርሽኝ።

ጀማሪዋ፦ እንደዚያ መምህር በእኔም ላይ ተሳስተው ከሆነስ?

ገምጋሚው፦ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪዋ፦ ይኼን ይሉኛል እንጂ ልቤን አላሳረፉትም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ሁሉ እርስዎም ይጽፋሉ ይላል። የእርስዎ መጽሐፍ የታለ?

ገምጋሚው፦ ካርቶን ውስጥ።

ጀማሪዋ፦ ስንት ዓመቱ ነው?

ገምጋሚው፦ ሃያ ሁለት።

ጀማሪዋ፦ ማነው እምቢ ያለዎት?

ገምጋሚው፦ ማንም።

ጀማሪዋ፦ እንዴት ማንም?

ገምጋሚው፦ ለማንም አልሰጠሁትማ። የሰው ረቂቅ እንዴት እንደሚነበብ አውቃለኋ። ማን ሻይ ጠጥቶበት፣ ማን ሦስት መስመር ጽፎ እንደሚመልሰው ቁጭ ብዬ ሳስብ… አንድ ጊዜ ቋጥሬ ይዤው ወጥቼ ነበር። አራት ኪሎ ደርሼ ተመለስኩ።

ሻጩ፦ አሥር ዓመት እዚህ ቆመው ሲያወሩኝ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም!

ጀማሪዋ፦ እኔ እኮ ሦስት ጊዜ ተመልሼአለሁ ጋሼ። ሦስት ጊዜ ሰጥቼ ሦስት ጊዜ ወስጃለሁ። እርስዎ ደግሞ እንድቆይ ይመክሩኛል። የእርስዎ መቆየት ሃያ ሁለት ዓመት ከሆነ፣ ማስተዋል ይባላል ወይስ ሌላ ስም አለው?

ገምጋሚው፦ ስሙን ታውቂዋለሽ። ቢሆንም የፈራ ሰው የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። 30 ገጹ አሁንም ብዙ ነው።

ሻጩ፦ 30 ገጽ ከተነሣ ማተሚያ ቤቱም ይቀንስልሻል እኮ።

ጀማሪዋ፦ ይነሣል አላልኩም። ሐሙስ ጠዋት ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ፤ ምን ይዤ እንደምሄድ እስከዚያ አውቃለሁ። ከሰዓት በኋላ እዚህ ነኝ። ካርቶኑን ይዘውልኝ ይምጡ። አንዱን ገጽ ገልብጠው ያስገቡት፤ የቱን እንደሆነ አይንገሩኝ።